ለቅዳሜ የሚያዝ

የውሃ ክፍያ በተጻፈበት ደረሰኝ ጀርባ
ጻፍኩት፣ ከዚራ፣ ከአማቴ በረንዳ፣ ፀሐይ ስትገባ፦
መንጠቆ፣ መካከለኛው፤ ናይለን፣ ጠንካራው፤
ቡሽና እርሳስ፤ ሸምበቆ፣ ባጃጁ ከተቀበለው፤
ከዚያ «ትል» ብዬ ጽፌ እስክሪብቶዬን ነከስኩ።
እዚህ አገር ትል የት አባቴ አገኛለሁ?
ድሬ እኮ አሸዋ ናት። ደቻቱን ብቆፍረው
የሚወጣልኝ የአንድ እግር ሰንደል ጫማ ነው።
ወንዙ መሃል ፍየል ይሸጣል፣ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፤
«ወንዝ» ሲባል የሰሙ እንግዶች ውሃ ይፈልጋሉ።

ሐመልማል አትጽፍም፤ የእሷ ዝርዝር በቃል ነው፦
ሳቢያን፣ አክስቷ ዘንድ ምሳ፣ እምቢ የማይባለው፤
ገንደ ቆሬ ለቅሶ፤ ታይዋን ደግሞ መጋረጃ።
የፈቃዴን አምስት ቀን፣ ልክ እንደ በሬ ቅርጫ፣
ለዘመድ መደበችው። ለእኔ ቅዳሜ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ።
«ዓሣ እንደሁ ይገዛል» አለች፣ የልጆቹን ልብስ እያጠፈች።
«ለመብላት አይደለም» አልኩ።
«ታዲያ ለምንድን ነው?» አለች።
እኔም አላውቀው።
ሸሚዜን አነሣሁና አብሬያት ማጠፍ ጀመርኩ፣
እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ እሷ እንደምትፈልገው።

ያፌት ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ «ኤረር» ብሎ ቢጽፍ
ካርታው ሁለት ኤረር አመጣ፤ ልጄ ከንፈሩን ሲመጥ፣ ሲያፍ፣
አንዱ ከሐረር ወዲያ፣ አንዱ ከኛ ወደ ምዕራብ፣
«የቱ ነው ዓሣ ያለው?» ይላል፣ ስልኩን ሲያርቅ፣ ሲያቀርብ።
ሶስና ግን፣ ስድስት ዓመቷ፣ ጭንቋ ሌላ ነው፦
«አባ፣ ዓሣውም እረፍት ወጥቶ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ቢሆንስ?»
ማንም አልመለሰላት።

ጋሽ ዋበሪ በአጥር በኩል ሰምቶን ኖሮ ገባ፣
ሠላሳ ዓመት የባቡር ሀዲድ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ፣
ዛሬም ርቀት የሚለካው በጣቢያ እንጂ በኪሎ ሜትር ያልሆነ።
«የእኛን ኤረር ነው እንጂ! የብርቱካኑን» አለ፣ ሳይጠየቅ ተቀምጦ።
«ትል ተዉት። ሊጥ፣ በትንሽ ጉበት። አምባዛ እንደ ሽማግሌ ነው፣
ጥላ ይወዳል፣ ጭቃ፤
ቶሎ አይነክስም፣ ያንገላታል፤ አንተ ስታንቀላፋ እሱ ይነቃ።
ድልድዩን ታያላችሁ። ከሦስተኛው እግር፣ ከግራው ዳርቻ፣
እዚያ ጣሉት። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ዝም ብቻ።»
ደረሰኙ ሞላ። በጠርዙ ዞሬ ጻፍኩ፣
ሦስተኛ እግር፣ ጉበት፣ ዝም።

እማማ ፈለቀች ግን ከጅምሩም አልተናገረችም።
ስሟ ፈለቀች ነው እንጂ ውሃ አትወድም።
ከዚያ ሌሊት ወዲህ፣ ደቻቱ ሳይጣራ ደርሶ
የታናሽ ወንድሟን ሱቅ ከነወንድሟ ጠራርጎ፣ ከነሚዛኑ አፍርሶ
ከሄደ ወዲህ፣
እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ተራራው ላይ ሲያጉረመርም
ሬዲዮኑን ትዘጋና ትቆማለች። የሚናገር የለም።

ማታ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ የብስኩት ጣሳ አምጥታ
ከፊቴ አስቀመጠችው፣ ክዳኑን በቢላ ከፍታ።
አሥራ አንድ መንጠቆ፣ ዝገት የበላቸው፣ ቡሽ ላይ የተሰኩ፣
የእርሳስ ፍሬዎች፣ በጥርስ የተነከሱ፤ ጥርሱን አየሁ መሰለኝ፣ ባልነካም ነካሁ።
«የአየነው ነው» አለች።
«ሁሉንም አትጨርስ።»
ወደ ጓዳ ተመለሰች፣ ነጠላዋን ስትጎትት።

ዛሬ አርብ፣ ጠዋት። ደረሰኙን ሳነሣ፣
ከ«ዝም» በታች፣ ባዶ በቀረችው በአንዲት ጣት ቦታ፣
በመሠረተ ትምህርት እጇ፣ ፊደሉን እየጫነች፣
«ተራራው ላይ ደመና ካያችሁ
ዓሣውን ጥላችሁ ውጡ» ትላለች።
ከዚያ ደግሞ በሌላ ቀለም፣ ምናልባት ዘግይታ፣
«የሶስናን ኮፍያ።»